የአረንጓዴዋ ንብ ባል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና፣ "ማሚ፣ ሆምወርኬን ሄልፕ አድርጊኝ" አለችኝ። ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዴት እንደሚመደቡ እያስተማሯቸው ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን ሳላስቀምጥ ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሽስ ብዬ እንደ ጠዋት ጸሎት አወረድኩላት። ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ፣ "ዌይት፣ ሃው ዱ ዩ ኖው ዛት?" አለች።

"አባቴ አስተምሮኝ" አልኳት።

እውነት ነው፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። ሽንኩርቱን ከትፌ እስክጨርስ ድረስ ግን ሳስብ የነበረው ስለ አባቴ ሳይሆን ስለ ጓደኛዬ ስለ ትዕግስት ነበር። ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ አፓርታማዎቹ አልቀው ሣሩ ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ፣ በቅናት ስንገበገብ የከረምኩበት ሰመር ትዝ አለኝ።

ያኔ የ2010ዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፣ ወጣት ነኝ። ትዕግስት ቀድማኝ የመጣች የናዝሬት ልጅ ናት፤ ከሀቫና መንገድ ገባ ብሎ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። መጀመሪያ ያረፍኩበት ዘመድ ቤት ሲጠበኝ፣ "ነይ እኔ ጋ፣ አልጋው ለሁለታችን ይበቃናል" ብላ ያስጠጋችኝ እሷ ናት። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አብረን እንሠራለን፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ኮሌጅ ሄደን ለነርስነት የሚጠየቀውን ባዮሎጂ አብረን እንማራለን። እሷ መኪና አትነዳም። እኔ መሥመሩ ላይ ቀጥ ብላ መሄድ የሚያስቸግራት አሮጌ ኮሮላ ነበረችኝ። እንግዲህ እሷ ቤቷን፣ እኔ መኪናዬን አካፍለን ነበር የምንኖረው።

በትምህርቱ ግን እኩል አልነበርንም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። አባቴ ደሴ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። እኛ ቤት ድመቷ እንኳ ሁለት ስም ነበራት፣ አንዱ እናቴ ያወጣችላት፣ አንዱ የሳይንሱ። ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲተኛ እኔ የነፍሳትን ምድብ እየተጠየቅኩ ነው ያደግሁት። ትዕግስት በበኩሏ ትምህርት የሚባል ነገር አንገቷ ላይ እንደ ድንጋይ የሚንጠለጠልባት ልጅ ናት። ፈተና ሲደርስ የማስጠናት እኔ ነኝ። ግማሽ ገጽ ሳንሄድ፣ "ሶሊ፣ እስቲ ሳምቡሳ ገዝተን እንምጣ" ትላለች።

መምህራችን ዶክተር ሩት ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ሙያቸው የዱር ንብ ነው። ማር የምትሠራዋ ንብ ከብዙዎቹ አንዷ ብቻ መሆኗን፣ ኮሎራዶ ውስጥ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ የንብ ዝርያዎች እንዳሉ፣ አብዛኞቹም ቀፎ የሌላቸው፣ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ብቻቸውን የሚኖሩ መሆናቸውን የሰማሁት ከሳቸው ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ "ሰመር ላይ ከኔ ጋር ሜዳ ወጥቶ ንብ የሚሰበስብና የሚለይ አንድ ረዳት እፈልጋለሁ። ክፍያም አለው" አሉ።

ሽንት ጨርቅ ከመቀየር፣ ወገብ ከሚቆርጠው ሥራ የምወጣበት በር መስሎ ታየኝ። ከዚያም በላይ ይሄ የኔ ነው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የተዘጋጀሁበት ነው አልኩ። የዚያኑ ዕለት ለአባቴ በቫይበር ደወልኩ። "አባዬ፣ ከሳይንቲስት ጋር ልሠራ ነው መሰለኝ" አልኩት። "አንቺ ልጅ፣ አደራ የነፍሳቱን ስም በደንብ ያዢ" አለኝ።

ዶክተር ሩት ፍላጎት ላለን ተማሪዎች አንድ ቀን በመርፌ የተሰኩ ነፍሳት ያሉበት የመስታወት ክዳን ሳጥን ይዘው መጡ። "የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ፣ ምክንያታችሁንም ንገሩኝ" አሉ። ትዕግስት የመጣችው በኔ መኪና ስለምትመለስ ብቻ ነው፤ መወዳደሩ ሐሳቧ ውስጥም አልነበረም። "አንቺም ሞክሪ እንጂ" ያሏት መምህሯ ናቸው።

ቀድሜ ቀረብኩ። ንብ መስላ የተቀመጠችውን ዝንብ ወዲያው ለየኋት፤ ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት። ዶክተር ሩት ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁለት አረንጓዴ ንቦች ነበሩ። አንዷ ከራስ እስከ ጅራት እንደ ተወለወለ ብረት የምታበራ አረንጓዴ ናት። ሌላኛው ራሱና ደረቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሆዱ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ለያይቼ አስቀመጥኳቸው። ምክንያቴንም በረጅሙ አስረዳሁ፣ ያለኝን ስም ሁሉ ጠራሁ።

ትዕግስት ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ አየችና ሁለቱን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

"ለምን?" አሉ ዶክተር ሩት።

"እነዚህን አውቃቸዋለሁ" አለች ትዕግስት በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። "ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው አበባ ላይ ነው የሚውሉት። ይሄ ዝንጉርጉሩ ሁሌ ያቺን ሲከተል ነው የማየው። ባሏ ነው መሰለኝ።"

ተማሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዶክተር ሩት ግን አልሳቁም። "አዎ፣ ወንድና ሴት ናቸው። አንድ ዝርያ ነው። ከቀለም ይልቅ ከማን ጋር እንደሚዋለዱ ማየት ይበልጣል" አሉና ትዕግስትን ትክ ብለው አዩዋት። ያን ጊዜ ሥራው ከእጄ እንደወጣ አወቅሁ።

ዶክተር ሩትም ትዕግስትን መረጧት። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፣ አቀፍኳት፣ ውስጤ ግን በቅናት ነደደ። ይባስ ብሎ ሜዳው ከአውቶቡስ መሥመር ውጪ ነው። ማን ያድርሳት? በተኛሁበት አልጋ፣ በበላሁት እንጀራ አፈርኩና እምቢ ማለት አልቻልኩም። በዕረፍት ቀኖቼ ጠዋት ጠዋት፣ የኔ ይሆናል ብዬ ወዳሰብኩት ሥራ እሷን እያደረስኩ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃት ጀመር። እሷ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ቢጫ ትንንሽ ሳህኖች ሣሩ መሃል ትደረድራለች። ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውሃ አለባቸው። ንቦቹ አበባ መስሏቸው ይገቡበታል። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ባየኋት ቁጥር አረማመዷ ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

የከፋው ግን አባቴ የደወለ ዕለት ነው። "እሺ፣ ሥራውስ?" አለኝ። "ትዕግስት አገኘችው" አልኩት። "አይዞሽ" አለኝ። ከዚያ፣ "እስቲ አገናኚኝ" አለ። ስልኩን ሰጠኋት፤ አጽናንቶኝ እንኳን አልጨረሰም። ትዕግስት ወጥ እያማሰለች ስለ ንቦቿ ታጫውተው ጀመር። "ጋሼ፣ ወንዶቹኮ ቤት የላቸውም፣ አበባ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚያድሩት!" ትለዋለች። የአባቴ ሳቅ ከስልኩ አልፎ ኩሽናውን ሞላው። ከኔ ጋር እንደዚያ ስቆ አያውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ማውራት አቆምኩ። እሷ ታወራለች፣ እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። አሥር ነገር ጠይቃኝ "እህ" እላታለሁ። ሬዲዮ ትከፍታለች፣ እዘጋዋለሁ።

ሰኔ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። የዴንቨር ሰው እንደሚያውቀው በዚያ ወራት ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ አይታመንም። ከተራሮቹ በኩል የተነሣው ደመና እንደ በለዘ ቆዳ ጠቁሮ መጣ። ትዕግስት ሳህኖቿን ልትሰበስብ ሜዳው መሃል እንደደረሰች በረዶው ወረደ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ ሎሚ። የኮሮላዬ ጣራ እንደ ከበሮ ይደለቃል፣ የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ተመልሳ ትሮጣለች ስል እሷ ጎንበስ ብላ ሳህን ታነሳለች። ጮህኩ፣ አልሰማችኝም። ከዚያ በጉልበቷ ስትወድቅ አየሁ።

የእግር ምንጣፉን ከመኪናው ወለል መንጭቄ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ስደርስ ግንባሯ ደምቷል፣ ክንዷ ላይ ያቀፈችውን ሳህን አልለቅም ብላለች። ውሃው ፈሷል፣ ንቦቹ ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። ጎትቼ አመጣኋት፣ መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። በነጠላዬ ጫፍ ደሟን ጠረግሁላት።

"ሁሉም ጠፋ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ደስ አለሽ?"

"ምን ትያለሽ አንቺ! ልትሞቺ ነበርኮ!"

"እሱን አላልኩም፣ ሶሊ። ሰመሩ ከገባ ጀምሮ ፊትሽን አዙረሽብኛል። ምን አደረግኩሽ?"

በረዶው ይደበድባል። ውሸት አቃተኝ። "ቀንቼብሽ ነው" አልኳት። "ሥራው የኔ ነበር። አባቴ ሳይቀር… አባቴ እንኳን ካንቺ ጋር ነው የሚስቀው።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ደም የነካውን ነጠላዬን ከእጄ ወሰደችና ግንባሯ ላይ ያዘችው።

"ታዲያ ቅኚ" አለች። "ቅኚብኝ፣ ችግር የለም፣ እችለዋለሁ። ዝም ስትይኝ ነው የማልችለው። እኔ እዚህ አገር ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?"

በረዶው እስኪያባራ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ወጥተን ስናይ ሜዳው የአሜሪካ ክረምት የገባበት ይመስል ነጭ ሆኗል፣ ሣሩ ተኝቷል፣ የረገፈው ሁሉ ደግሞ ትኩስ የተቆረጠ ቅጠል ይሸታል። መስታወቱ የተሰነጠቀውን መኪና እየነዳሁ ቤት እስክንገባ ድረስ አወራን። ዶክተር ሩትም የጠፋው ይተካል፣ ዋናው እናንተ ናችሁ አሉ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ትዕግስት ከመኪናው አስወረደችኝ። "ነይ፣ ላሳይሽ" ብላ እጄን ይዛ የዱር ሱፍ አበባ ጋ ወሰደችኝ። ፀሐይ ገና አልሞቀችም፣ ጤዛው ጫማዬን አራሰው። አበባው ላይ ወንዶቹ ንቦች ረጃጅም አንቴናቸውን አጣጥፈው ተቃቅፈው ተኝተዋል። ስለ ንብ ብዙ ተምሬአለሁ፣ ንብ ሲተኛ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ስማቸውን ለማስታወስ ስፍጨረጨር እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ታያቸዋለች። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የምወደው ስሞቹን ነበር፣ እሷ የምትወደው ንቦቹን።

መገንዘቤ ቅናቱን አላጠፋልኝም፣ ሰው እንዲያ በቀላሉ አይድንም። እኔ ነርስ ሆንኩ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ትዕግስት ትምህርቷን ለወጠች፣ ሌላ ስቴት ሄዳ ቀጠለች፣ አሁን የነፍሳት ተመራማሪ ናት። አባቴ በበዓል ሲደውል ከኔ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለሷ ነው። ዛሬም ያ ሲሆን እቀናለሁ። በወጣትነቴ ቅናት ወዳጅነትን የሚገድል መርዝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ደብቀውት ሲያድር እንደሚከፋ፣ ሲነግሩት ደግሞ አብሮ መኖር የሚቻል ነገር እንደሆነ አያለሁ።

እሑድ ዕለት ትዕግስት ደወለችልኝ። ድምጿ ከወትሮው ፈጥኗል። ሳይንስ እስከ ዛሬ ስም ያልሰጣት አንዲት ትንሽ ንብ አግኝተው፣ ከባልደረቦቿ ጋር ልታስመዘግባት እየሠራች እንደሆነ ነገረችኝ።

"ቲጂ" አልኳት፣ "ቀናሁ።"

ከት ብላ ሳቀች። "እሰይ! በይ ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ፣ ገና መቼ ጀመርኩልሽ" አለችኝ።

ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።