መልሰውን ያወፈረው ቅቤ

ይታየሽ የባሏን ሞት የሰማችው ሰቆጣ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ገብስ ስታነፍስ ነው። ከኒሯቅ የመጣው የአይሱዙ ሾፌር ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ።

«መልሰው ነው?» አለችው።

«ወባ ነው፣ እህቴ። ትናንት አረፈ።»

ሰፌዱን ገብሱ ሳይፈስ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

መልሰው ደሃና በሚባለው ወረዳ የገበሬ ልጅ ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ አባቱንና ሁለት ወንድሞቹን ቀብሮ፣ እናቱን ቦሰናን ደግፎ ሰቆጣ ገባ። ወፍጮ ቤት ተሸካሚ ሆኖ ጀምሮ ኋላ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስ እሱ ሆነ። ይታየሽ ስታገባው የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ይህ ሰው ሁለተኛ አይራብም ብላ በልቧ ማለች። ወጡን በቅቤ አራሰችለት፤ ጾም ሲፈታማ ያለፈውን ሁሉ ልታካክስ ትነሣለች። መልሰው ወፈረ፣ ቦርጭ አወጣ። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡት «እህላችንን የሚበላው ወፍጮው ነው አንተ?» ይሉታል። «ተካፍለን ነው» ይላቸዋል እሱ።

ልጅ ግን አልመጣም። በዘጠነኛው ዓመት ቦሰና ምራቷን በስሟ መጥራት ትታ «ደረቋ» ትላት ጀመር። ይታየሽ ያልተጠመቀችበት ጸበል የለም። ከጸበል በተመለሰች ቁጥር ደግሞ ለባሏ ጉልበት ይሁነው ብላ ቅቤውን ትጨምራለች።

በ1997 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ጤና መኮንን አንዷለም መረመራት፤ ምንም አላገኘባትም። ባልዎን ይዘው ይምጡ አላት። መልሰው ቢመረመር ዘሩ ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

«ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ጋሼ» አለው አንዷለም። «ሆርሞን የሚባል መልእክት በደም ይልካል። ሰው ሲራብ ስቡ ያልቅና መልእክቱ ያንሳል፤ ሰውነትም ጊዜው ክፉ ነው፣ ዘር ይቆይ ይላል። ስቡ ሲበዛ ደግሞ መልእክቱ ይበዛና አንጎል መስማት ይተዋል። የወንዱን ሆርሞን ራሱ ስቡ ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጥበታል።»

«ስንራብም እሱ፣ ስንጠግብም እሱ! ታዲያ ይሄ ስብ ዳኛ ነው?»

«ክብደት ቢቀንሱ ሊሻሻል ይችላል። ቃል ግን አልገባልዎትም። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እናያለን።»

ይታየሽ በመንገድ ላይ ያን ሁሉ ቅቤ አሰበች። ያበላችው በገዛ እጇ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅቤ ቀረ። መልሰው በየማለዳው ወፍጮው ሳይከፈት ዳገቱን በእግሩ ይወጣ ጀመር። በሦስት ወሩ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። ቦሰና ልጇን አይታ ጮኸች፦

«ረሃብ የተወልኝን አንድ ልጅ አንቺ ልትጨርሺው ነው? መውለዱ ቢያቅትሽ ማብላቱም አቃተሽ?»

ይታየሽ ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬት አየ።

አማቷ ስትወጣ «ንገራት እንጂ» አለችው።

«እነግራታለሁ። እሷ ከእኔ በቀር ምን አላት? የልጅሽ ነው ጉድለቱ ብዬ እንዴት ልንገራት?»

«እኔስ ማን አለኝ?»

በማግስቱ ኒሯቅ የተሰበረ ወፍጮ ሊጠግን ሄደ። መኪናው ላይ ሲወጣ ግን ጎንበስ ብሎ «ስመለስ እነግራታለሁ፤ ገብርኤልን» አላት። ኒሯቅ ቆላ ነው፤ ከሰነበተ በኋላ ወባው ያዘው።

ለቅሶው ላይ ቦሰና በሕዝብ ፊት ደረቷን እየደቃች «ልጄን አክስታ ለወባ ሰጠችብኝ!» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ይታየሽ ዞረ። ጉድለቱ የልጅሽ ነበር የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺ አሮጊት ግን የቀራትን አንድ ልጅ ዛሬ ቀብራ ነው የመጣችው። ይታየሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ቃሉን ዋጠችው።

ሁለተኛው ምርመራ አልተደረገም። ለቦሰናም እስከ ዛሬ የነገራት የለም።