የስምንት ወር አረንጓዴ

ሾፌሮቹ «ዓይን ለኪዋ» ይሏታል። የምትሠራው የአውቶብስ ዴፖው በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሾፌሩ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት እሷ ፊት ይቀመጣል፣ አገጩን ድጋፉ ላይ ያሳርፋል፣ ስክሪኑ ላይ እየዘለለች ቦታ የምትቀያይር ነጭ ነጥብ በዓይኑ ይከተላል። ካሜራው ዓይኑ ነጥቧን ለመያዝ ምን ያህል እንደዘገየ፣ ስንቴ እንደተርገበገበ፣ ብሌኑ እንዴት እንደሰፋና እንደጠበበ ይመዘግባል። ከዚያ ያው ሰው አርፎ በተለካበት ቀን ካስመዘገበው ጋር ያስተያያል። ጭንቅላቱ ካልደከመ አረንጓዴ ይበራል። ከደከመ ቀይ፤ የዚያን ቀን መሪ አይነካም።

«ሚስቴ እንኳ እንዲህ ዓይን ዓይኔን አይታኝ አታውቅም» አለ አንዱ ሐሙስ ጠዋት።

«ብታይህማ መች ታገባህ ነበር!» አለው ከኋላው የተሰለፈው።

ከሰልፉ መጨረሻ ጋሽ ፍሬን ገቡ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን በድንገት ፍሬን ረግጠው ተሳፋሪ ስላላንገላቱ ነው። የዴፖውን ግማሽ ሾፌር መሪ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ተለኩ። አረንጓዴ። ተነሡና በመውጣት ፈንታ በሩን ዘጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን መርሳትንም ያያል?»

«አያይም ጋሼ። የጭንቅላት ድካም ብቻ ነው።»

«እኔ ደግሞ ድካም የለብኝም። አረንጓዴ ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማክሰኞ ዕለት የሆስፒታሉን ፌርማታ አልፌው ሄድኩ። ሃያ ዓመት የቆምኩበትን። ተሳፋሪው ‹ወራጅ አለ!› እያለ ሲጮህ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። አባቴ ሲሞት ስሜን አያውቀውም ነበር፤ እሱንም እንዲሁ ነው የጀመረው። ድካም ቢሆንማ ማሽንሽ ይነግረን ነበር።»

ከሸሚዝ ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሥራ መልቀቂያ ነው።

«ሰው ሳልጨርስ ብወርድ ይሻላል። ከሰዓት ለስምሪት ኃላፊው እሰጠዋለሁ። የተማርሽ ነሽና ፊደሉን አስተካክዪልኝ። ቤት አልተናገርኩም፤ አንቺም አፍሽን ያዥ።»

ወጡ። የአውቶብሱን ሞተር ሲያስነሡ ሰማች።

መዝገባቸውን ከፈተች። ስምንት ወር ሙሉ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ጠንካራ የተባለው ሾፌር እንኳ በወር አንዴ ሁለቴ ቀይ ያያል። ጋሽ ፍሬን አንድም የላቸውም። ወደ መጀመሪያው ቀን ሄደች።

ማሽኑ የገባ ሰሞን ነው። ሠራተኛው በሙሉ በአንድ ቀን ይለካ ተብሎ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ነበር። ጋሽ ፍሬን የመጡት ሚስቱ የወለደችለት የጓደኛቸውን ፈረቃ ደርበው ሠርተው እንደወረዱ ነው። ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር፤ ታስታውሳለች። ቅጹ ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኙ ብሎ ይጠይቃል። አባቷ የሚሆኑትን ሰው፣ ያስተማሯቸው ሾፌሮች ከኋላ ቆመው እየሰሙ፣ እንደ ሕፃን «ተኝተዋል ወይ?» ብላ ለመጠየቅ አፏ አልታዘዝ አላት። «ስምንት» ብላ ራሷ ሞላችው። ይሉኝታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ማሽኑ የደከመውን ዓይን እንዳረፈ ዓይን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፍሬን የቱንም ያህል ቢደክሙ ከዚያች ቀን አይብሱም። አረንጓዴ ስለሆኑም ስምሪት ክፍሉ ሰው በጎደለ ቁጥር የሚያስደርበው እሳቸውን ሆነ።

ስልኩን ብታነሣ ያስቆሟቸዋል። ግን ምን ብላ? ቅጹን የዋሸሁት እኔ ነኝ ብላ? ስልኩን ትታ ደብዳቤውን ማረም ጀመረች። ሁለት ቃል አስተካከለች፤ «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሰዓቷን አየች። አርባ ደቂቃ ሄዷል። ሰውዬው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰው ጭነው እየነዱ ነው።

ደወለች።

«ጋሽ ፍሬንን አስቁሟቸው።»

«ማንን?» አለ የስምሪት ሠራተኛው። «እሳቸውማ ሁሌ አረንጓዴ ናቸው! እንዲያውም ዛሬ ደራቢ ናቸው።»

«አስቁማቸው አልኩህ። ስህተቱ የኔ ነው።»

ተለዋጭ ሾፌር ተላከ። ጋሽ ፍሬን በዴፖው ፒክአፕ ተመለሱ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ገና ከበሩ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም ጋሼ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ቆማ ነገረቻቸው፤ ስምንቷንም ጭምር።

«እንግዲያው ጭንቅላቴ ደህና ነው?»

«እሱን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ደክሞዎት እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስምንት ወር። ማታ ማታ የልጆቼን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ እደግማለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ። ጠዋትም እደግማለሁ። ሚስቴ ጸሎት ይመስላታል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ብትጠይቂኝ እኮ ‹አልተኛሁም› እልሽ ነበር። ደክሞኝ ነበራ! ምን ያሳፍራል?»

ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። በቀይ እስክሪብቶ ያረመችውን አዩት፣ አጣጠፉት፣ ወደ ኪሳቸው መለሱት። አልቀደዱትም።

ሪፖርቷን የዚያኑ ቀን ጻፈች። ለእሷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ለእሳቸው የአሥር ቀን ዕረፍትና አዲስ ልኬት ተወሰነ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት መጡ። ፊታቸው ሞላ ብሏል። ሐኪሙ እንቅልፍ እንጂ ሌላ አላዘዘላቸውም። ደስ አላት፤ ወንበሩን ሳበችላቸው፣ የአገጩን ድጋፍ በሶፍት ጠረገች።

አልተቀመጡም።

«ከሰዓት የምትለካዋ ልጅ መች ነው የምትገባው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ።»

«እጠብቃታለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን...»

«አልተቀየምኩሽም ልጄ። ውሸታም ብትሆኚ ደውለሽ አታስቆሚኝም ነበር። ግን አንቺ ‹ደህና ነዎት› ስትዪኝ እቤቴ ገብቼ መተኛት አልችልም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ወጥተው በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እስከ ሰባት።