ለጋሽ ይመር ያላቃጠልኳቸው ወረቀቶች

ጋሽ ይመር ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። የተቀበሩትም በዚያው ዕለት ከአሱር ሶላት በፊት ነው። ከውጫሌና ከአምባሰል ገጠሮች የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል አለቀሰላቸው። እኔ ግን ከሐዘኑ ይልቅ ፍርሃት ይዞኝ ዋለ። እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ምክንያቱን ልናገር።

ጋሽ ይመር ከሠላሳ ዓመት በላይ ውጫሌ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ አቤቱታ ሲጽፉ ኖሩ። የድንበር ክርክር ይዞ የመጣ ገበሬ ነገሩን ከአባቱ ሠርግ ቢጀምርላቸው እንኳ አያቋርጡትም። «ይጨርሱ፤ ቸኩያለሁ መቼ አልኩ?» ይሉታል። ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ይጽፉና የቀረውን ቤታቸው ገብተው ለብቻው ያሰፍሩታል። መጽሐፋቸው የተጠራቀመው እንደዚህ ነው።

አንዱን ምዕራፍ ሲጨርሱ ባለታሪኩን ፈልገው ያነቡለታል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የተጻፈ ቃል ተነብቦለት እንዲሁ ተነሥቶ አይሄድም። «አሻራዬ ሳያርፍበት የእኔ ቃል ነው ብሎ ማን ያምናል?» እያለ ቀለም ያስመጣል። ስለዚህ በየምዕራፉ ግርጌ ስም፣ ቀበሌና የአውራ ጣት አሻራ ነበረ። አርባ አንድ ምዕራፍ፣ አርባ አንድ ሰው።

ይህን ይዘው ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ወጡ። የመጀመሪያው አሳታሚ «ልብወለድ ነው ወይስ ክስ?» አላቸው። አይፈረድበትም፤ ከልማድ የተነሣ እያንዳንዱን ምዕራፍ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ነበር የጀመሩት። ሁለተኛው ግማሹን አውጥተው ይጣሉ አላቸው። ሦስተኛው ሁለት ዓመት አስቀምጦ መለሰላቸው። «የሰው ቋጠሮ ስፈታ ኖሬ የራሴ አልተፈታም» ብለው ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ተናደድኩ።

የተዋወቅነው እርጅና ሲጫናቸው ሐይቅ ከገቡ በኋላ ነው። መነኻሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ላስተይብ ብለው መጡ፣ ተስማማን። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጀምር ጦርነቱ ደረሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጥራዙን በጋቢያቸው ሸፍነው ቤቴ መጡ።

«ከድጃ፣ መጽሐፍ መሆኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። መሣሪያ የያዘ ሰው ሲያገኘው የአርባ አንድ ሰው ስምና አሻራ ነው የሚያየው። ማን አደራጃቸው ይላል። በየቤታቸው ሄዶ ይለቅማቸዋል። የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው፤ ዛሬውኑ አቃጥይው። የእኔ እጅ እምቢ አለኝ።»

ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ። ክብሪት ጫርኩ። የላይኛውን ወረቀት ሳነብ እሳቱ ጣቴን ፈጀኝ። ሁለተኛ አልጫርኩም። የኮርኒሱን አቡጀዲ ተርትሬ ጥራዙን ከላይ አስቀመጥኩና መልሼ ሰፋሁት። በማግሥቱ «አቃጠልሽው?» አሉኝ። «አቃጥዬዋለሁ» አልኩ። «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ የፈራሁትን ፍርሃት ለማንም አልመኝም። ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቤቴን ሊፈትሹ ገቡ። አንደኛው በአፈሙዙ ኮርኒሱን ነካ ነካ ሲያደርገው አፈር ፊቴ ላይ ረገፈ። አቡጀዲው ቁልቁል ረግቦ ነበር፤ እኔ አየሁት፣ እርሱ አላየውም። ወጥተው ሄዱ። ወዲያው ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ አርባ አንድ ሰው ሳይነግሩት በእኔ ቤት ጣራ ሥር ለሞት ተዳርጎ እንደነበር ነው።

አገር ሲረጋጋ ሮጬ ልነግራቸው በተገባ። አልነገርኳቸውም። እኒያ ሰዎች እንዲተርፉ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የሰጡ ሰው፣ እኔ በሰዎቹ ነፍስ መቆመሬን ቢሰሙ ዓይኔን ማየት የሚፈልጉ አልመሰለኝም። ነገ እላለሁ ስል አንድ ቀን ወንበር ስበው ተቀመጡና «አብሽሪ፤ ከጭንቅላቴ አልተቃጠለም። እኔ ልበል፣ አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሦስት ዓመት እየመጡ ቃል በቃል ነገሩኝ፤ አንዳንዴ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን ይታገላሉ። እኔ፣ ዋናው ጥራዝ ቤቴ ያለው ሴትዮ፣ «ቀስ ብለው ያስታውሱ» እያልኩ እተይባለሁ። በቀን በቀኑ ፍርሃቴ ይብስ ነበር፤ ዛሬ ብናገር ስላለፈው ቀን ሁሉ እጠየቃለሁና።

በመጨረሻ አንድ አሳታሚ ተቀበላቸው። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑን ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ የምዕራፎቹን ርእስ አንብቢልኝ አሉኝ። በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙኝ። አርባ ሆነ።

«አንድ ሰው ቀርቶብኛል» አሉ። «ማን ነው ከድጃ?»

አላውቅም አልኩ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎ» እያለ ሲገባ እርሳቸው ያንኑ ይጠይቁ ነበር። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ልጠይቃቸው ስሄድም እጄን ይዘው «ማን ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

አሻራችሁ ያለበት ሰዎች፣ ወረቀታችሁ እኔ ዘንድ ነው፤ በየቤታችሁ ይዤ እመጣለሁ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።

ጋሽ ይመር፣ የቀረብዎ ሰው ጦይባ ናቸው። የውጫሌ ገበያዋ ጨው ሻጭ፣ ግማሽ ገጽ ብቻ የጻፉላቸው። ጠረጴዛዎ ዘንድ ቀርበው ጉዳይዎ ምንድን ነው ቢሏቸው፣ «ጉዳይስ የለኝም፤ ስሜ አንድ ቦታ ይጻፍልኝ ብዬ ነው» ያሉዎት። ኮርኒሱ ላይ ካለው ጥራዝ አንብቤዋለሁ፤ ስማቸውን ብጠራልዎ አለማቃጠሌን ያውቁብኝ ነበር። አውቅ ነበር። ደኅና ይሁኑ አባቴ፤ እጄን ይዘው ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።