የእጅ ፍሬን ያጣችው ፒክአፕ

ትናንት ጳውሎስ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ፣ ቁልቁለቱን የወረደ የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሸራ ሽታ ጥሎብኝ አለፈ።

አባቴ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚያወርድባት አሮጌ ፒክአፕ እንዲህ ትሸት ነበር። የኋላ ጎማ ፍሬን ታምቡሮቿ ቁልቁለት ላይ እየጋሉ አልይዝ ሲሉት፣ የግቢያችንን በር ዘግቶ ሁለቱንም ፈታና በምትካቸው ከተገለበጠ መኪና የተገዛ የዲስክ ፍሬን ገጠመላት። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ከሰፈራችን ሁለት ሰዎች ተወስደው አልተመለሱም።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ መጣ።

“ታምቡሩን ለምን አወለቅከው?”

“ቁልቁለት ላይ እንድትይዝልኝ ነው፣ ጓድ።”

“እስቲ የእጅ ፍሬኗን ሳበው።”

“እሱ የሚይዘው ታምቡሩን ነበር፤ አብሮ ቀረ። ሳቆማት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ።”

ሰውዬው ድንጋዩን በጫማው ነካ አደረገው። “እንግዲያው አንተን እዚህ የያዘህ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ወዴት አስበሃል?”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

በማግስቱ ታምቡሮቹን መልሶ ገጠመ። ፒክአፗ እንደ ድሮዋ ቁልቁለት ላይ አልይዝ አለች፤ የጠየቀን ግን አልነበረም።

እናቴ ማን እንደ ጠቆመብን ሳታውቅ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እንደ ጠረጠረች አረፈች። ትምህርት ቤት ውስጥ ለጥበቃ ኃላፊው ልጅ “የእኛ መኪና እኮ ከኋላም ዲስክ አላት” ብዬ የጎረርኩት እኔ ነበርኩ። አልነገርኳትም።