ሞተሯን በወተት የፈተንናት ዕለት

ዛሬ ልጄ ለረጅም መንገድ የምትመች ሞተር ሳይክል ልትገዛ ፈልጋ ምክር ብትጠይቀኝ፣ «መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ወተት አምጪ» አልኳት።

ያተኮሰኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ እኔም ሞተር ሳማርጥ አጎቴን ጋሽ ሙሄን ይዤ ሄድኩ። በቅሎ በመምረጥ የሚያህላቸው አልነበረም። ሙሉ ዋንጫ ይዘው ይቀመጡባታል፤ ጠብ ካላለ ሰጋር ናት።

ያን ቀንም ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሀራ ወተት በብርጭቆ ተቀብለው፣ ከሻጩ ኋላ ተፈናጠጡና ወደ ጀውሃ ነጎዱ። ሲመለሱ ብርጭቆው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሌላ ምን እጠይቃለሁ? ገዛኋት።

ደብረ ሲና ስደርስ ሰው ደግፎ አወረደኝ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

ተመልሼ «ጋሽ ሙሄ፣ ወተቱ እንዴት ሳይፈስ ቀረ?» ብላቸው፣ «ማን አልፈሰሰም አለህ? የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጋቢዬ ጠጣው» አሉኝ።

«ሞልቶ አየሁት እኮ።»

«ሱብሃነላህ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እዚሁ ጥግ ወርጄ አስሞላሁት።»

የእናንተን ሞተር ማን መረጠላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።

ልጄ ወተቱን ይዛ መጥታለች። ብርጭቆው የራሳችን መሆኑን አረጋግጫለሁ።