የእናቴ ውስጥ እግር

እናቴ በወጣትነቷ በባዶ እግሯ ከእንጦጦ እንጨት ትሸከም ነበር። ስለዚህ ተረከዟ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ የድሮ እሾህ ነው ብላ ናቀችው። ጎረቤታችን ደግሞ ማርያም ስማሽ ነው አለቻት። ነጥቡ እየሰፋ ዙሪያው ተንሻፈፈ፤ መድማት ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሟ የቆዳ ካንሰር መሆኑን ሳትሸፋፍን ነገረችን።

"ፀሐዩ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የዋልኩት" አለች እናቴ።

"አይደለም እማማ። ፀሐይ ይህን የሚያመጣው በብዛት ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ነው። እኛ ላይ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ይወጣል። መነሻውን በደንብ አናውቀውም።"

"እሾህስ?"

"እሱንም እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም።"

ዊንጌት ወዳለው ቤታችን በምንመለስበት ታክሲ ውስጥ "ምክንያት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር" አለችኝ።

እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ፤ በሽታው ግን ቀድሞ ብሽሽቷ ደርሶ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ሐኪሟ በቤተሰብም ሊኖር ስለሚችል ራሳችንን እንድናይ መክራናለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔና እህቴ ጫማችንን አውልቀን አንዳችን የሌላችንን ውስጥ እግር እናያለን።