ሳጥን ውስጥ የታሰረው ዋሽንት

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ገደማ፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ በምርኩዝ የምሄድ አሮጊት ነኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፣ ልረሳውም አልፈልግም። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤቴ የልጅ ልጄ ዋሽንት ስትነፋ ሰማና «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ቆርጧት ዋሽንት ትነፋለች?» አለ። ደሜ ፈላ። ስለዚህ እኔ እየነገርኳት እሷው ትጽፈዋለች፤ የሚሰማ ይስማ።

ቤታችን ቆሰበርና ግምጃ ቤት በሚባሉት ከተሞች መካከል፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ቢያድግ ይባላል፤ ሰዉ አያ ቢያድግ ይለዋል። ገበሬ ነው፤ ከእርሻ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ጎተራና ምንጣፍ ይሠራል። ጓሯችን ሙሉ ቀርከሃ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፤ እሱ ግን ሙግት ሲገጥም ወደ አማርኛ ይዞራል። ሙግት ደግሞ ይወድ ነበር።

በጉብዝናው ዋሽንት ሲነፋ መንገደኛ ቆሞ ይሰማው ነበር ይላሉ። እኔ አልደረስኩበትም። ገና ሳልወለድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ጉግስ ሲጫወት የተወረወረ ዘንግ አፉን መታው። አራት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ፤ የላይኛው ከንፈሩም ተሰንጥቆ እንደ ነገሩ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ዋሽንት ላይ ሲተነፍስ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። ሰዎች «አያ ቢያድግ ዋሽንት ተወ» አሉ። እሱ መች ተወና!

ለሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ ዋሽንት ሠርቶ ሰጣቸው። አንዱ በሬ ሲመታበት ሰበረው፤ ሌላው የትም ጣለው። የተጣለውን አንስቼ ጓሮ ውስጥ ስሞክር አባቴ ያዘኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። ከኋላዬ መጥቶ ቁጭ አለና አራት ጣቶቹን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። የዋሽንት ቀዳዳ አራት ነው። ጣቱን ሲጫን ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ ሲያነሣ እከፍታለሁ። ሲመሽ በእሱ ጣትና በእኔ ትንፋሽ አንድ ዜማ ወጣ። አባቴ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «እንግዲህ አፌ አንቺ ነሽ» አለኝ።

እናቴ አልወደደችውም። «ሴት ልጅ ማፏጨቷ እንኳ ነውር ነው። ጭራሽ ዋሽንት? ማን ያገባታል?» ትላለች። አባቴ «ጆሮ ያለው ያገባታል» ይላታል። «ጆሮ ያለውማ ሰምቶ ይሸሻል» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ስድስት ዓመት አለፈ፤ እኔም ስነፋ ስድስት ዓመት አለፈ።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን በረዶ ይመልሳል የሚባል ሰው ነበር፤ ደብተራ ወንዴ። ደመና ሲጠቁር ወጥቶ ይደግማል፤ ገበሬው ደግሞ አዝመራ ሲገባ ቁና ቁና እህል ይሰፍርለታል። አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ከአፌ አልወጣልኝም። በዚያ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረዶ ወረደና የላይኛውን ሰፈር ድንችና ገብስ ድምጥማጡን አጠፋው። ሰው ተቆጣ። «ምነው ደብተራ? ለምን ነበር የምንሰፍርልዎ?» ብለው ቢይዙት፣ «እኔማ መልሼው ነበር፤ የቢያድግ ልጅ በዋሽንት ጠራችው» አይል መሰላችሁ! ሴት ዋሽንት ስትነፋ ሰማይ ይቆጣል አለ።

እውነት ለመናገር ያን ዕለት ነፍቻለሁ። በየቀኑ እኮ ነው የምነፋው! ፀሐይ በወጣ ቀንም ነፍቼ ነበር። ለፀሐዩ ማን አመሰገነኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ኮሶ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባቴን ጠሩት። እኔም ዋሽንቱን ይዤ ከኋላው ቆምኩ። ዋሽንቱ እዚያው ይቃጠል፤ እምቢ ካለ ግን እሳት የሚሰጠው፣ በሬ የሚያቀናጀው፣ ሬሳ የሚያነሣለት አይኑር ተባለ። ዋሽንቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። በዚያ አገር በሬ የሚያቀናጅህ ካጣህ አለቀልህ ማለት ነው።

አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ።

«ሕግ አምላክ!» አለ። «ያልተመሰከረበትን አላቃጥልም። ወንጀለኛ ነው ካላችሁ እሰሩት። ደብተራ ይውሰዱት፤ ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበት። ገብስ ታጭዶ እስኪገባ አንድ በረዶ ካልወረደ፣ እኔው በእጄ እዚሁ አቃጥለዋለሁ፤ ልጄም ዕድሜ ልኳን ዋሽንት አትነካም። እሱ ታስሮ ሳለ በረዶ ከወረደ ግን እዚሁ ይፈታል፤ ልጄም እዚሁ፣ ሁላችሁ ፊት ትነፋለች። ዋስ ጥሩ!»

የእኛ አገር ሰው ሙግት ሲያምርለት ፊቱ ይበራል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ዋስ ተጠራ። ደብተራ ወንዴ ዋሽንቴን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ሄደ። ሲሄድ ጀርባውን አየሁት፤ እንዴት እንደ ጠላሁት!

መንገድ ላይ እያለቀስኩ «አባ፣ በረዶ ባይወርድስ?» አልኩት።

«ይህን አገር አውቀዋለሁ» አለኝ። «በረዶ የቀረበት ዓመት አላየሁም። ማንንም ጠይቆ አይወርድም።»

በማግስቱ ቢላዋ ይዤ ጓሮ ገባሁ። ቀርከሃ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሌላ ዋሽንት መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አባቴ ቢላዋውን ቀማኝ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የእናቴን ማማሰያ አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። «ማማሰያ ግን አልታሰረም» አለኝ። ከኋላዬ ተቀምጦ አራት ጣቶቹን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ድምፅ በሌለው እንጨት ላይ ስንት ዜማ ተማርኩ መሰላችሁ! እናቴ «ወጡ ሊያርብኝ ነው፣ ማማሰያዬን!» እያለች ትጮህብን ነበር።

የሚከብደኝን አሁን ልናገር። በረዶ እንዲወርድ መለመን ጀመርኩ። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ገብሱ እሸት ይዞ እያየሁት፣ ማታ ስተኛ ጠዋት ስነሣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» እላለሁ። ደመና ሲመጣ ልቤ ይዘላል፤ ሲበተን እናደዳለሁ። አንድ ቀን ሰማይ ሰማይ ሳይ እናቴ ነቃችብኝ።

«ምንድን ነው የምታይው?» አለች። ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። ገባት። «የአፋችንን እህል?» አለች በቀስታ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጥሊሊ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ደብተራ ወንዴ ወደ ኮረብታው ወጥቶ መድገም ሲጀምር ከደጃችን ይታያል። ነፋሱ ተነሣ። ወዲያው የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች ምንጣፍ ላይ እንደሚፈስ ባቄላ ወረዱ። ደብተራው ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ ነጠላውን በራሱ ላይ አጣጥፎ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አየሁት። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ካባራ በኋላ አባቴ ወደ ማሳው ሄደ። ተከተልኩት። ገብሳችን ግማሹ መሬት ላይ ተኝቷል። አባቴ ጎንበስ አለና አንዱን ዛላ አነሣ፤ በመዳፉ አሸው፤ ጣለው። ሌላውን አነሣ፤ እሱንም ጣለው። ያን ጊዜ «እሰይ» ብዬ መጮኼ ትዝ አለኝ።

«አባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ እያለቀስኩ። «ለምኜ ነው ያወረድኩት።»

እኔ ላይ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«አንቺም ደብተራ ሆንሽ እንዴ?» አለ። «በረዶ የሚጠራ ሰው የለም፤ የሚመልስም የለም። እግዜር ያወርደዋል፣ እግዜር ያቆመዋል። እኔ ዘመድ ጎረቤቴ ፊት የተሟገትኩት ለምን ይመስልሻል? አንቺ ራስሽ ካመንሽላቸው በከንቱ ነዋ የደከምኩት!» ከዚያ ጉንጬን በሻካራ መዳፉ ጠረገልኝ። «ተነሺ። ድንቹ አልተነካም። እናትሽን እንርዳት።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የደብተራ ወንዴ ሚስት ደጃችን መጣች። ዋሽንቱን በጨርቁ እንደ ተጠቀለለ ይዛለች። «እባክዎ አያ ቢያድግ፣ ይውሰዱልን። እኛ ቤት ካደረ ወዲህ የእኛም ገብስ አለቀ» አለች። እኔ ልቀበላት ዘለልኩ። አባቴ ቀሚሴን ይዞ አስቀረኝ።

«በአደባባይ ነው የታሰረው» አላት። «የሚፈታውም በአደባባይ ነው። ለደብተራ እንዲህ አለ በይልኝ።»

እሑድ እንደገና ኮሶው ሥር ተሰበሰብን። በዚህ ጊዜ ሴቱም ወንዱም መጥቷል። ደብተራ ወንዴ ቆሞ «ዋሽንቱ ክፉ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሆኖም ጠራው» አለ። ራስ የሚነቀንቁ ነበሩ፤ እውነቴን ነው፣ አምነውት ነው።

አባቴ ተነሣ። «ደብተራ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዋሽንት አፍ የለውም፤ ሰው ካልነፋው አይጮህም። ልጄ እኔ ቤት ነበረች፤ ቁልፉ እርስዎ አንገት ላይ ነበር። እንግዲያ ሳጥኑ ውስጥ ማን ነፋው? እርስዎ ነዎት?»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ዋስ የሆነው ሽማግሌ ዘንጉን መሬት ላይ ነካ አደረገና «ቃል ቃል ነው፤ ልጅቱ ትንፋ» አለ።

ደብተራው ያቀበለኝን ጨርቅ ፈትቼ ዋሽንቱን አፌ ላይ አደረግሁ። አፌ ኩበት ሆኗል። ነፋሁ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ አባቴ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ነፋስ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ «እሰይ፣ እግዜር ዘጋባት!» አለች። ዋሽንቱን ጥዬ ልሮጥ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ከኋላዬ የአባቴ አራት ጣቶች ትከሻዬ ላይ አረፉ።

አንደኛውን ተጫነ። ሁለተኛውን አነሣ። ያን ሁሉ ሰው ረሳሁት። ምራቄን ዋጥኩ፣ ተነፈስኩ፤ ወጣ! የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጓሮ ውስጥ ያወጣነው ዜማ ነበር። እሱ እየተጫነ እኔ እየነፋሁ እስከ መጨረሻው ሄድን። ስጨርስ ቀና ብዬ ሰዉን አየሁት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ነገሩ ወዴት እንደሚወድቅ አላወቅሁም።

«እልልልል!» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ ወገን ተሰማ። ዞር ብዬ አየሁ፤ እናቴ ናት። ግማሽ ገብሷ በበረዶ የሄደባት፣ ማን ያገባታል ስትል የኖረችው እናቴ። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል ትላለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሲያፈጡባት «ምን ታያላችሁ? የእኔ ልጅ ናት!» አለቻቸው።

በዚያ ዓመት ድንች በላን። ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች፤ እስከሚቀጥለው አዝመራ። አንድ ቀን እንኳ ያማረረ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ወንድሞቼ አማርረዋል። ሰፈሩም ቢሆን አልተለወጠም። ደብተራ ወንዴ በሚቀጥለውም ዓመት እህሉ ተሰፈረለት፤ እኔ ሳልፍ ሴት ልጆቻቸውን ወደ ቤት የሚያስገቡ ነበሩ። ያስገቡ! ዋሽንቱን ግን ዳግመኛ የጠየቀን የለም። ባልም አላጣሁም፤ ከጥሊሊ ነው የመጣው፣ ጆሮ ያለው ሰው ነበር።

አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ። መልኩ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ጣቶቹ ግን ትከሻዬ ላይ አሉ፤ የትኛው እንደሚሻክር፣ የትኛው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ልጄን ያስተማርኳት በእነሱ ነው፤ የልጅ ልጄንም እንዲሁ። ይህን ስነግራት ብዕሯን አቁማ ትከሻዋን እየዳሰሰች ነው።

ለዚያ ጎረቤቴ መልሴ ይኸው ነው። ክረምት ሲመጣና ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ግን ወንበሬን ደጅ አስወጥቼ እነፋለሁ። ትንፋሼ ሲያጥር የልጅ ልጄን ፊቴ አስቀምጬ ጣቴን ትከሻዋ ላይ አሳርፋለሁ። በረዶው መውረድ ከፈለገ ይውረድ፤ እኛ ዜማውን ሳንጨርስ አንነሣም።